የልብስ ማጠቢያ መኪናና የውኃው ልክ

ድሬዳዋ የሚኖሩ አንዲት እመቤት ለዚህ ዓምድ በላኩልን ደብዳቤ፣ ከአክስታቸው የወረሱት አሮጌ የልብስ ማጠቢያ መኪና እንዳላቸው፣ ክዳኑም ከላይ የሚከፈት እንደ ሆነ ገልጸው፣ የመመሪያው ወረቀት ስለ ጠፋባቸው «ውኃውን እስከ የት ድረስ ልሙላው?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እኛው ራሳችን ይህንኑ ጥያቄ በጊዜው ሳንጠይቅ በመቅረታችን በሐርጌሳ ከተማ ያገኘን ኀፍረት ስላለ፣ መልሱን ከዚያ ብንጀምር አንባቢዎቻችን አይቀየሙንም ብለን እናምናለን።

የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ለመንግሥት ሥራ ወደዚያ ሄደን ከነቤተ ሰባችን ተቀምጠን ነበር። በከተማዋ መካከል ማሮዲ ጄሕ የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ ማሮዲ በሶማሊኛ ዝሆን ማለት ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ዝናብ ጥሎ ጎርፍ ካልወረደበት በቀር ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። የዓመቱ ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከአዲስ አበባው ጋር ሲተያይ ሲሶውን ቢያክል ነው። የቧንቧው ውኃ የሚመጣው ከከተማው በስተሰሜን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚገኙት ከጌድ ዴብሌ ጥልቅ ጉድጓዶች ሲሆን፣ ይህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በቻይና እርዳታ የተሠራ ነው። ሲሠራ የታሰበው ለዚያን ጊዜዋ ትንሽ ከተማ ነበር። ከተማዋ በ1988 በጦርነት ከፈረሰች በኋላ፣ ከ1991 ወዲህ እንደ ገና ስትሠራ የሕዝቧ ቍጥር ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትና ሌሎችም ወዳጆች መስመሩን ለማደስና ለማስፋት ረድተዋል፤ ሆኖም ቧንቧው ያልደረሰለት ወይም ደርሶት የማይበቃው ቤት ሁሉ ከቦቴ ወይም ከአህያ ጋሪ ይገዛል። ስለዚህ በዚያ አገር ስለ ውኃ ሲነጋገሩ ስለ ሊትር አይነጋገሩም፤ ስለ በርሜል ነው እንጂ። አንዱ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። ጂላል በሚባለው በጋ፣ ማለት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ዋጋው ከፍ እያለ ይሄዳል።

የተከራየነው ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ሁለት ቤቶች አንዱ ነበር። በግቢው መሬት ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ቦቴ መጥቶ ይሞላዋል፤ ሁለቱ ቤቶች ዋጋውን እኩል ይከፍላሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቤት በሞተር እየሳበ በጣሪያው ላይ ወዳለው ሮቶ ያወጣል። በሌላው ቤት የሚኖሩት አንዲት አሮጊት ሶማሌ ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲሆኑ፣ ሁላችንም እንደ አገሩ ልማድ «ኤዶ» እያልን እንጠራቸው ነበር፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የቤቱ ባለቤት ልጆቹ ከአሜሪካ በኮንቴይነር የላኩለትን የልብስ ማጠቢያ መኪና ከነቤቱ አከራይቶን ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ነጭ ቀለሙ ጥቂት የተላጠ፣ ነገር ግን ብረቱ እንደ መትረየስ የጸና ዕቃ ነው። በገንዳው መካከል ክንፍ ያለው መበጥበጫ ቆሟል፤ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ልብሱን ይበጠብጣል።

እስከዚያ ቀን ድረስ ልብሳችንን ታጥብልን የነበረችው ከሐረር አካባቢ የመጣች ሴት ነበረች። መኪናው ካለ የእርሷ ነገር ትርፍ ወጪ ነው ብለን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንድትሠራ ልንነግራት ቈርጠን እንደ ነበር አንደብቅም።

በመጀመሪያው ቀን መኪናውን ከሮቶው ጋር በቱቦ አገናኝተን አስነሣነው። ውኃው ገና ልብሱን በቅጡ ሳያርሰው መበጥበጫው ተነሣና እየጓጐረ ይዞረው ጀመር። ሲቆም ብናየው የቤታችን እመቤት ነጠላ በመበጥበጫው ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥሞ ጥለቱ ተተልትሏል። ውኃውን በባልዲ ቀድተን ስንለካው 25 ሊትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ገንዳው ግን 70 ሊትር የሚፈልግ ነው።

ምክንያቱን በኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲያስረዳን እንዲህ ነው። ከአሮጌዎቹ መኪናዎች አንዳንዶቹ ውኃው መሙላቱን የሚያውቁበት ምንም ነገር የላቸውም፤ የሚቈጥሩት ጊዜን ብቻ ነው። የውኃ መክፈቻው ይህን ያህል ደቂቃ ተከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ ደቂቃ ውስጥ ይበቃል የተባለው ውኃ ገብቷል ተብሎ ይታሰብና ማጠብ ይጀመራል። ይህ አሳብ ትክክል የሚሆነው የቧንቧው ግፊት ብርቱ ሲሆን ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች ከ14 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውኃ ያህል ግፊት ይጠብቃሉ። የእኛ ሮቶ ከመኪናው በላይ የነበረው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። መኪናው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ሰዓቱን ቈጥሮ ሥራውን ይጀምራል። ሌላም ነገር አለ። በሐርጌሳም ሆነ በአገራችን የኤሌክትሪኩ ኃይል 220 ቮልት 50 ኸርዝ ሲሆን፣ መኪናው የተሠራው ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጠውም። ስለዚህ ሞተሩ ከልኩ አንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ልብሱም ከመጭመቂያው ሲወጣ ከሚገባው ይልቅ ርጥብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቃ የገዛ ሰው መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ለጠጋኝ ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢያስብ ይጠቀማል።

እኛ ግን በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። የነጠላው መቀደድ ስላናደደን፣ በሚቀጥለው ጊዜ መኪናውን ከሮቶው ፈትተን በሞተር ከማጠራቀሚያው በቀጥታ በወፍራም ቱቦ ውኃ ለቀቅንበት። ሲጎድል የቀደደው ሲሞላ ይምራል ብለን እስከ አፉ ድረስ ጢም አደረግነው። ዱቄት ሳሙናውንም እንደዚሁ ያለ ልክ ጨመርንበት። ልብሱ ግን ከላይ ተንሳፎ ቀረ፤ መበጥበጫው ከሥር ውኃውን ብቻ ይመታል፤ ወለሉም በአረፋ ተሞላ። ሦስት ዙር ልብስ ነበር፤ ለማጠቢያና ለማለቅለቂያ ስድስት ጊዜ ሞላነው፤ ሳሙናው አልለቅ ስላለ ሰባተኛ ጨመርን። በኋላ ስናሰላው 560 ሊትር ሆነ፤ ሦስት በርሜል ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። የኮሌታው እድፍ ግን እንዳለ ነበር።

ወሩ የካቲት ነው። በማግስቱ ጧት ሞተሩ ጮኸ እንጂ ውኃ አልሳበም። ማጠራቀሚያው ደርቋል። ቦቴው ተጠርቶ ከሦስት ቀን በፊት እንደማይደርስ ተነገረን። በዚያው ሳምንት የኤዶ ልጅ ወልዳ አራስ ነበረች።

አንባቢዎቻችን ይፍረዱ። ውኃቸውን ያፈሰስነው እኛ ስንሆን፣ ከቀትር በፊት የኤዶ የልጅ ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ጊዜ እየተሸከመ አመጣልን። ከአህያ ጋሪ ገዝተው ለእኛም አካፍለውን ነበር። «እንግዶቹ ሰው አያውቁም፤ ከየት ያገኛሉ ብላ ነው» አለን ልጁ። ያን ሁለት ጀሪካን ላለመቀበል አፍ አላገኘንም፤ ተቀብለንም ለመጠጣት ከበደን። ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ሄደን በጋሪ ሦስት በርሜል አስጭነን በቤታቸው በር ላይ አራገፍን፤ ገንዘቡ ግን ነገሩን አላቀለለልንም።

ኤዶ ሊያዩን መጡ። የመጡት ሊወቅሱን ሳይሆን ይህን ያህል ውኃ የሚጠጣ ዕቃ ምን እንደሚመስል ለማየት ነበር። ልብስ አጣቢያችን በሶማሊኛ ታስተረጕም ነበር። መኪናውን ዞረው ካዩ በኋላ ክዳኑን አስከፍተው፣ እስከ የት እንደሞላነው ጠየቁ። በጣታችን እስከ አፉ አሳየናቸው። ሳቁ። «ወተት ስትንጡ ዕቃውን እስከ አፉ ትሞሉታላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

በእውነት ለዚህ መልስ አያስፈልገውም። ቅል ያናጠች ሴት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ጢም ብሎ የሞላ ቅል ቢንጡት ውሎ ያድራል እንጂ ቅቤ አይወጣውም፤ ወተቱ የሚመታበት ባዶ ቦታ ያሻዋል። በጣም የጐደለም እንደዚሁ ነው። ልብስ ማጠቢያውም መናጫ ነው። ልብሱን የሚያጠራው ውኃው ብቻ አይደለም፤ ሳሙናውም ብቻ አይደለም፤ የልብሱ መገላበጥ ነው። በመበጥበጫው አጠገብ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከሥር ወደ ገንዳው ግድግዳ ይገፋል፤ በግድግዳው በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደ ገና ይሰምጣል። ውኃው ሲያንስ ልብሱ በዚህ መንገድ መሄድ አቅቶት በአንድ ቦታ ይታሻል፤ ይቀደዳል፤ ሞተሩንም ያደክማል። ሲበዛም ከመበጥበጫው ክንፍ ርቆ ከላይ ይንሳፈፋል። እንግዲህ ትክክለኛው ልክ ልብሱ ሁሉ እየተገላበጠ የሚሄድበት ዝቅተኛው የውኃ ከፍታ ነው።

ይህን ለማወቅ ያደረግነው እንዲህ ነው። ሦስት ኪሎ ያህል ደረቅ ልብስ በመበጥበጫው ዙሪያ ሳንጠቀጥቅ አላላን ጨመርን። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይዘን እየቈጠርን ውኃ አፈሰስን። ጥጥ ውኃ ስለሚጠጣ፣ ልብሱ እስኪርስ ሦስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ አንድ ቀይ ካልሲ ከላይ አኑረን መኪናውን አስነሣን። በአራተኛው ባልዲ ካልሲው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። በአምስተኛው ግን ሰመጠ፤ ጥቂት ቆይቶ በግድግዳው በኩል ብቅ አለ፤ ደግሞ ሰመጠ። ልብስ አጣቢያችን እልል አለች። «እትዬ፣ የጥፍር ቀለም ካለዎ ያምጡልኝ» ብላ፣ የቤታችንን እመቤት ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብላ በመበጥበጫው ላይ ውኃው በቆመበት ልክ አንዲት መስመር ጻፈችበት። ለሙሉ ጭነት ደግሞ በሰባተኛው ባልዲ ላይ ሁለተኛ መስመር ሠራን። ባልዲ ሲጨምሩም ሆነ እጅ ሲያስገቡ መሰኪያውን አስቀድሞ መንቀል እንደሚገባ ማንም አይዘንጋ፤ የመሬት ሽቦ የሌለው አሮጌ መኪና ቀልድ አያውቅም።

የደብዳቤው ጸሓፊ መኪና እንደ እኛው ጊዜ ቈጣሪ ላይሆን ይችላል። «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ» የሚል ማዞሪያ ካለው፣ በውስጡ ከገንዳው ግርጌ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ አለ። ውኃው ከፍ ሲል በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ይጫነዋል፤ የተጫነውም አየር ማብሪያውን ገፍቶ የውኃውን መክፈቻ ይዘጋዋል። ይህ ዐይነቱ ግፊት ቢያንስም ታግሦ እስኪሞላ ይጠብቃል። ነገር ግን እርሱም የሚያውቀው የውኃውን ከፍታ እንጂ የልብሱን ብዛት አይደለም። ሁለት ሸሚዝ ጨምረው «ብዙ» ላይ ቢያዞሩት ለሁለቱ ሸሚዝ 70 ሊትር ይሞላላቸዋል፤ ለማለቅለቂያውም ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ የቀዩ ካልሲ ፈተና ለዚህኛውም ያገለግላል።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ነገር፣ አንድ ጊዜ የተሞላው ውኃ ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለው ነው። በልጅነታችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልብስ ቤቱን ይጠብቁ የነበሩት መነኵሲት፣ በአንዱ የሳሙና ውኃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቀለም ያለውን፣ በመጨረሻ የሥራ ልብሱንና የወለል ጨርቁን ሳያሳጥቡ ውኃ አያስደፉም ነበር። እኛ ተማሪዎች ይህን እንደ ንፍገት እንቈጥረው ነበር፤ ወንዝ አጠገብ በእንዶድ፣ በትግርኛ ሽብቲ በምንለው፣ ሲታጠብ ላየ ልጅ ውኃን መቍጠር ምን ይመስለዋል? ወንዙ ራሱ ያለቀልቃል። ነገር ግን በአሜሪካኖች ዘንድ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ከተሠሩት መኪናዎች አንዳንዶቹ የሳሙናውን ውኃ በአጠገባቸው ወዳለ ገንዳ ገፍተው አቆይተው ለሁለተኛው ዙር መልሰው የሚስቡ ነበሩ። የኛ መኪና ይህ የለውም። እኛ ግን የመድፊያውን ቱቦ ወደ ባዶ በርሜል አዙረን ውኃውን በባልዲ እየመለስን ያንኑ አደረግን።

ስሌቱ እነሆ። ሦስት ሙሉ ዙር በ70 ሊትር ቢታጠብና ቢለቀለቅ 420 ሊትር ይፈጃል። በአዲሱ ሥርዐት አንድ የሳሙና ውኃ 70 ሊትር ለሦስቱም ዙር፣ ልብሱ ለሚጠጣው መተኪያ 20፣ ለነጩ ማለቅለቂያ 70፣ ለባለ ቀለሙ 70፤ የሥራ ልብሱ በባለ ቀለሙ ማለቅለቂያ ይነከርና በመጨረሻ 20 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል። ድምሩ 250 ሊትር ነው። ከሁለት በርሜል በላይ የነበረው አንድ በርሜልና ሩብ ሆነ ማለት ነው። ቀለሙ የሚለቅ አዲስ ልብስ ግን በዚህ ሰልፍ ውስጥ አይገባም፤ የአራስና የሕመምተኛ ልብስም ለብቻው ይታጠብ። የቀረው የሳሙና ውኃ ለወለልና ለመጸዳጃ ይሆናል እንጂ ለአትክልት አይደፋም፤ መሬቱን ያጨቀየዋል።

የሳሙናውን ነገር በአጭሩ እንናገር። ልኩ የሚወሰደው ከውኃው ነው፤ ውኃው በ20 ሊትር ሲቀንስ ሳሙናውም ይቀንስ። ብዙ አረፋ የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ ለእጅ አጠባ የተሠራው ዱቄት በመኪና ውስጥ ሲገባ አረፋው ልብሱን አንሳፎ መገላበጡን ይከለክላል፤ ኋላም ለማለቅለቅ ሌላ 70 ሊትር ያስከፍላል። ጋቢን በሚመለከት ግን ከመኪና ጋር አታጋጥሙት ብለን እንመክራለን። አራት ድርብ ጥጥ ሲርስ ክብደቱ የመበጥበጫውን አንገት የሚጠመዝዝ ነው፤ የነጠላውንም ዕድል ነግረናችኋል። እነዚህ በገንዳ፣ በእጅ ይታጠቡ።

እጅ ስንል፣ የልብስ አጣቢያችንን ነገር ሳንጨርሰው ቀርተናል። ያን የ560 ሊትር ልብስ እርሷ በሦስት ገንዳ በአምስት ጀሪካን፣ ማለት በ100 ሊትር፣ ታጥበው እንደ ነበር የሰማነው ማጠራቀሚያው ከደረቀ በኋላ ነው። ቀድሞም ጠይቀናት አናውቅም። «ጋሼ፣ ውኃ ሲለካ ነው ያደግሁት» አለችን። በወሩ መጨረሻ ልናሰናብታት የነበረውን ትተን፣ ክንዷን የሚጐዳውን አንሶላና ሱሪ ለመኪናው ሰጥተን የቀረውን ለእርሷ ተውን፤ ደመወዟንም አልነካንም። የመኪናውም ሹም እርሷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ያለ እርሷ ፈቃድ ውኃ የሚሞላበት ሰው አልነበረም፤ እኛንም ጨምሮ።

በሐርጌሳ ሱቆች ባለ ሁለት ገንዳ የሆነው፣ በአንዱ የሚያጥቡበት በሌላው የሚጨምቁበት ቀላል መኪናም ይሸጣል። ውኃው በእጅ ስለሚሞላና መስመሩም በገንዳው ላይ ታትሞ ስለሚመጣ፣ የሳሙናውንም ውኃ ለሁለተኛ ዙር ማቆየት ስለሚቻል፣ አዲስ ለመግዛት ላሰበና ውኃ በተራ ለሚደርሰው የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ከትልቁ ይልቅ ይህ ይስማማዋል ብለን እንገምታለን። ያለውን አሮጌ ግን ማንም በዚህ ምክንያት አይጣለው።

የድሬዳዋዋ እመቤት እንግዲህ ባልዲዎንና ቀይ ካልሲዎን ያዘጋጁ። የእኛ መስመሮች በ50ና በ70 ሊትር ላይ ነበሩ፤ የእርስዎ ገንዳ ሌላ ሊሆን ስለሚችል የእኛን ቍጥር አይቅዱ። ካልሲው በስንተኛው ባልዲ እንደ ሰመጠ ቢጽፉልን፣ በዚህ ዓምድ ለሌሎች ባለ አሮጌ መኪናዎች እናስታውቃለን።